ቀብርህ ላይ ያልቆመው ሰው

የልጄ አባት፣

ከተለየኸኝ ዓመት ከሁለት ሳምንት ሆነ። እስካሁን ያልጻፍኩልህ የምነግርህ ሁሉ ክፉ ስለነበር ነው። ዛሬ ቀለል ብሎኛል።

ጣራውን አሳድሰናል። ስትረግመው የነበረው በር አሁንም ሲከፈት ይጮኻል፤ ሆን ብዬ ትቼዋለሁ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ሆነህ ከፍላቂት ስብሰባ ስትመለስ መንገድ ላይ ከተኮሱብህ ወዲህ አገሩ ሁሉ መርማሪ ሆነ። አንዱ ከላይ ታዞ ነው ይላል፤ ሌላው ለወንበሩ ነው ይላል። በአንዱ ወሬ እኔም አለሁበት፤ ብትሰማ ትስቅ ነበር። የጸናው ግን በልብ ወዳጅህ፣ በልጃችን የክርስትና አባት በሞላ ላይ ነው። ማስረጃው ቀብርህ ላይ አለመቆሙ ብቻ። በአገራችን ደም ያለበት ሰው የሟቹን ቀብር አይቆምም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብዬ እኔም አመንኩ፤ ይቅር በለኝ። ዓመት ሙሉ ሰላምታ ነፈግሁት። ወንድምህ አያሌውማ ጠመንጃውን ወልውሎ ሙት ዓመትህ እስኪወጣ ይጠብቅ ነበር።

ሽማግሎች ይህን አይተው አውጫጭኝ ጠሩ፤ አገሩ ተሰብስቦ እየማለ ያየውን የሚናገርበት። ሁሉም ከማን እንደሰማ ተጠየቀ። አንዱ ወደ ሌላው እየጠቆመ ወሬው ዞሮ ዞሮ ያው ሞላ ከቀብርህ መቅረቱ ላይ ቆመ። በዓይኑ ያየ ጠፋ። ሞላ አንተ በተተኮሰብህ ቀን ኮን ላይ ደቦ ነበርኩ ሲል ማንም ሰምቶት አያውቅም ነበር። ከኮን የተጠሩት ገበሬዎች ግን እስኪመሽ አብሯቸው ገብስ ሲያጭድ መዋሉን ማሉ።

ከዚያ የነፍስ አባታችን ተነሡ። ከቀብርህ ማግስት ጀምሮ ነአኩቶ ለአብ ገዳም ስለነበሩ ወሬው የት እንደደረሰ አልሰሙም። በቀብርህ ዋዜማ ሌሊት የሞላ ስም በገዳይነት መነሣቱን ሰምተው፣ ደም እንዳይፈስ ብለው ከቀብር ያስቀሩት እርሳቸው ናቸው። ወሬው አስቀረው፤ መቅረቱ ደግሞ ወሬውን አጸናው።

ሙት ዓመትህ ላይ ሞላ መጣ። የዓመት ለቅሶውን መቃብርህ ላይ አለቀሰ። አያሌው ሄዶ ክንዱን ይዞ አነሣው። እኔ እፎይ ብዬ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ወዳጅህን ልንገድልልህ ነበር።

ገዳይህን ገና አላወቅንም። በየስብሰባው ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር ስትል ታሰለቸኝ ነበር፤ አሁን ስምህን ሳነሣ ያቺን ተረትህንም አነሣታለሁ። አንድ ቀን የሌላ ሰው ስም ይዘው ቢመጡ፣ በዓይኑ ያየው ማነው ብዬ እጠይቃለሁ። እስክሞት አስታውስሃለሁ፤ በስምህ ግን የንጹሕ ሰው ደም አይፈስም።

ያንተዋ ዘነቡ