ዳዊቴ ውስጥ የደበቅኩት የጋብቻ ወረቀት

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

ዋሸሁ። ዳዊቴን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ ዋሸሁ። ወረቀቱ እዚያው ውስጥ ነበር።

ማሕሌት ልጄ ትናንት ከቅዳሴ መልስ መጥታ የእናቷን ሳጥን ስትበረብር ዋለች። የምትፈልገው የጋብቻ ምስክር ወረቀቷን ነው። ባለቤቴ የሺ፣ ነፍሷን ይማርና፣ እንዲህ ያለውን ሁሉ እሳጥኗ ውስጥ ነበር የምታስቀምጠው። ልጅቱ እንደምትመጣ ስለነገረችኝ ቅዳሜ ቀድሜ አወጣሁት።

"አባዬ፣ አላየኸውም?"

"አላየሁም።"

ከሄኖክ ጋር ሊፋቱ ነው። በአራት ዓመታቸው። በቁርባን የተጋቡ ልጆች! በኮፒ አመልክተው ኖሯል፤ ዳኛዋ ዋናውን ዓርብ ይዛችሁ ቅረቡ ብለዋቸዋል።

"ማን በደለሽ?" አልኳት።

"ማንም።"

"ታዲያ?"

"በቃ፣ በስምምነት ነው አባዬ። ሕጉም ምክንያት ንገሩኝ አይልም።"

ሕጉ አይልም። እኔ ግን እላለሁ። ወረቀቱ ከሌለ ቀጠሮው ይገፋል፤ እስከዚያ እግዚአብሔር አንድ ነገር ያደርጋል ብዬ ነው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ሚካኤልን ተሳልሜ ሽማግሌ ፍለጋ ካዛንቺስ ወጣሁ። ያሰብኩት ታደሰን ነበር። በሰፈሩ ባልና ሚስት ከተጣሉ የሚጠራው እሱ ነው። ቤቱ የለም። ግድግዳው የለም፣ በሩ የለም፤ በሩ ላይ የነበረው ጽድ ብቻ ቆሟል። ሌሎቹንም ጠየቅኩ። ሁሉም ለልማት ተነስተዋል።

ስልክ ደወልኩለት። "አንተ ሰውዬ፣ አለህ እንዴ!" ብሎ ሳቀ። "እኔ እኮ አሁን ሦስት ታክሲ የሚያስይዝ ሩቅ ሰፈር ሆኛለሁ። ጎረቤቴን እንኳ አላውቀው፣ ማንን ላስታርቅልህ?" ደግሞ ቀጠለና፣ "ስንቱን አስታረቅን በል! አንተንና የሺንም እኮ..."

ኔትወርኩ እየጠፋ ነው ብዬ ዘጋሁት። ኔትወርኩ ምንም አልሆነም። በሦስት ቀን ሁለተኛ ውሸት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

ሄኖክ ለገሃር ሱቄ ድረስ መጣ። ደፋር ነው። ሱሪ እያሳጠርኩ ነበር፤ የስፌት መኪናውን አላቆምኩለትም።

"መታሃት?"

"ኧረ ጋሼ! በማርያም!"

"ሌላ ሴት ይዘሃል?"

"የለም።"

"እሷስ?"

"ጋሼ፣ ልጅዎን ያውቋት የለም እንዴ!"

"ታዲያ ምን ሆናችሁ?"

መቀሴን አንስቶ አገላበጠው። "ስገባ ትነሳለች፣ ራት ታቀርባለች፣ አመሰግናለሁ እላለሁ። በቃ። እንግዳና አስተናጋጅ ሆንን። መጨረሻ የተጨቃጨቅነው ባለፈው ሳምንት ነው፤ እሱም ፍሪጁን አንቺ ውሰጂ፣ አይ አንተ ውሰድ ስንባባል።"

ሳቄ አመለጠኝ። እሱም ሳቀ። ከዚያ አለቀሰ። የሠርጉን ሙሉ ልብስ የሰፋሁለት በዚሁ መኪና ነው።

ሊሄድ ሲል፣ "እንቅልፍ የላትም፣ ጋሼ። ሳጥኑን አንዴ ደግመው ይዩልን" አለኝ።

እሺ አልኩት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

ዛሬ ሁለት መርፌ ሰበርኩ። ሱቁን ዘግቼ ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ፍቺውን አልወደዱትም፤ በቁርባን የታሰረ በዳኛ አይፈታም አሉ። ስለ ወረቀቱ ግን፣ "አንተ ደብቀህ የምታቆመው ትዳር ምን ዓይነት ትዳር ነው?" አሉኝ።

ስለ የሺ አልጠየቁኝም። እኔ ነኝ ያነሳሁት።

ማሕሌት ሦስት ዓመቷ ሳለ የሺ ልብሷን ቋጥራ እህቷ ቤት ሄደች። በአራተኛው ቀን ታደሰና ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ይዘዋት መጡ። "ምን አጠፋ?" አሏት። "ምንም" አለች። "ይጠጣል? ይማታል?" "የለም።" "እንግዲያው ግቢያ!" ብለው ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። እንደረታሁ ነው የቆጠርኩት።

ገባች። ሃያ ሁለት ዓመት አብራኝ ኖረች። ስታመም አስታመመችኝ። አንድ ቀን ክፉ አልተናገረችኝም። ግን ድሮ ዕቃ ስታጥብ ታንጎራጉር ነበር። ከዚያ ወዲያ ስታንጎራጉር ሰምቼ አላውቅም። መቅረቱን ያስተዋልኩት ዛሬ፣ ከሞተች ሁለት ዓመት ካለፋት በኋላ ነው። ያ "ምንም" ያለችው ምን እንደነበር አንድም ቀን አልጠየቅኳትም። ጌታ ሆይ፣ ይቅር በለኝ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 15

ቂርቆስን ተሳልሜ ቀጥታ ፍርድ ቤት። ኮሪደሩ ላይ ሁለቱም አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። በርዷት የእሱን ጃኬት ደርባለች። ወረቀቱን ሰጠኋት። ጠርዙ ላይ የጧፍ ሰም ነክቶታል።

"የት ነበር?"

"ዳዊቴ ውስጥ።"

"እሁድ ዕለትም?"

"እሁድ ዕለትም።"

ሄኖክ መሬት መሬቱን አየ። "አባዬ፣ አንተ እኮ..." ብላ ተወችው። ብትጨርሰው ይሻለኝ ነበር።

ዳኛዋ ተገዳችሁ ነው ወይ አሏቸው። አይደለም። አስባችሁበታል? አዎ። ስምምነቱን አነበቡ፤ ፍሪጁ ለእሷ ሆኗል። አጸደቁት። ከኋላ ሆኜ አቡነ ዘበሰማያት ጀምሬ ነበር፤ ሳልጨርሰው አለቀ።

ውጭ ሄኖክ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ ሲል ቀና አደረግኩት። ምን ልበለው? "የሱሪህ ጠርዝ ተተርትሯል፤ አምጣልኝ" አልኩት።

ማሕሌት ሻንጣዋን ይዛ ከእኔ ጋር መጣች። ታክሲ ውስጥ ሻንጣዋን እኔ ያዝኩላት። ይቅር ትበለኝ አትበለኝ አላውቅም። ምን ሆንሽ ብዬም ደግሜ አልጠየቅኳት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሽሮ በላን።

አሁን ቧንቧው ጋ ዕቃ እያጠበች ነው። መስኮቱን ከፍቼ ተቀምጫለሁ። እስካሁን የሚሰማኝ ውሃው ብቻ ነው።