መንገድ የሌለበት ፎቶ

ውድ እህቴ ጣቢታ፣ የሀዋሳ ሥራና ሙቀት እንዴት ይዞሻል? እኛ ሆሳዕና ጌታ ይመስገን ደህና ነን።

ወንድማችን ሆሴዕ ከሞተ ወዲህ በካሜራው ፎቶ የማነሳው እኔ ነኝ። ቅዳሜ ዶዮገና ወጣሁ። ጉሙ ከእንሰቱ ላይ ቀስ ብሎ ሲነሳ ኮረብታው አየር ላይ የተንሳፈፈ ይመስል ነበር። ትንፋሼን ይዤ አነሳሁት።

እማዬ ፎቶዎቼን ትወዳለች። ስልኬ ላይ ስጭንላት በሁለት ጣቷ እያሰፋች ከዳር እስከ ዳር ታያለች። በዶዮገናው ፎቶ መንገዱ ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ አገኘች።

«ይሄ ልጅ ጃኬቱን ሳይለብስ ወዴት ነው የሚሄደው?»

«ጉቶ እኮ ነው፣ እማዬ።»

«የሆሴዕን፣ የልጄን አረማመድ ልታስተምረኝ ነው?» አለችኝ እየሳቀች።

ከዚያ ወዲህ መንገድ የሌለበትን ቦታ እየፈለግኩ ነው የማነሳው። ትናንት ከፎንቆ ጉም ብቻ ይዤላት መጣሁ። ብዙ አየችውና «እስኪገለጥ እንጠብቀው» ብላ ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። እራት ቀርቦም አልተነሳችም።

ለያሆዴ በዓል ፈቃድ ካገኘሽ ቀደም ብለሽ ነይ። ስትመጪም እማዬ ኮቴሽን ሰምታ ሆሴዕ የመጣ እንዳይመስላት፣ በሩ ጋ ሳትደርሺ ከሩቅ «ጣቢታ ነኝ» በይ።

እስከዚያው ጌታ በመውጣት በመግባትሽ ይጠብቅሽ።

የምትናፍቂው ታናሽ ወንድምሽ አዶናይ