አጀንዳቸው ሳይሰማ ያረፉት የወንድም ሙሉነህ ገብረመድህን የሕይወት ታሪክ

ወንድም ሙሉነህ ከአባታቸው ከአቶ ገብረመድህን ወሰን እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ጸሐይወርቅ አለሙ በ1954 ዓ.ም. በደሴ ከተማ ተወለዱ። ትምህርታቸውን እዚያው ጨርሰው ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በታሪክ ተመረቁ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ክርክር ይወዱ ነበር፤ እኔ ታናሽ እኅታቸው ኮከብ አንድም ቀን ረትቻቸው አላውቅም።

እ.ኤ.አ. በ1992 ለማስተርስ ትምህርት ወደ ሄግ መጡ። የመመረቂያ ጽሑፋቸው በእንግሊዝ አገዛዝ ሥር የነበረውን የአየርላንድ ፓርላማ ከአሜሪካ ሕገ መንግሥት ጋር ያነጻጸረ ነበር። በ1494 የወጣ አንድ ሕግ የአየርላንድ ፓርላማ የእንግሊዝ ንጉሥና አማካሪዎቹ አስቀድመው ያልፈቀዱትን ረቂቅ እንዳያወጣ ይከለክል ነበር። ወንድም ሙሉነህ ያንን ሕግ እንደ ግል ጠላታቸው ይጠሉት ነበር። በሮተርዳም ኮሌጅም ሃያ አምስት ዓመት ይህንኑ ታሪክ አስተማሩ።

እ.ኤ.አ. በ1996 ከወ/ሮ ተሻለች ጋር በጋብቻ ተሳስረው ረሆቦትንና ቃልአብን ወለዱ።

በ1999 ይህች በሄግ ትራንስቫል ሰፈር ያለች የአማኞች ጉባኤያችን በኖታሪስ፣ በውል አዋዋይ ፊት ስትመዘገብ መተዳደሪያ ደንቧን የጻፉት እርሳቸው ነበሩ። አንቀጽ ዘጠኝ ላይ፣ ለሥርዓት ብለው፣ ሽማግሌዎች አስቀድመው ያላጸደቁት አጀንዳ ለአባላት እንዳይቀርብ ደነገጉ። ያኔ ሽማግሌዎቹ ወዳጆቻቸው ነበሩና ክፉ አላሰቡም።

እ.ኤ.አ. በ2017 አባላት የሽማግሌዎች ምርጫ ለምን ስድስት ዓመት እንደዘገየ ሊጠይቁ ሲሉ፣ ሰብሳቢው ወንድም እስጢፋኖስ አንቀጽ ዘጠኝን አንብበው ዝም አሰኙን። ወንድሜ የዚያን ቀን ቤት ገብተው እንደ ልጅ አለቀሱ። ዕድሜ ልካቸውን የረገሙትን የእንግሊዝ ሕግ በገዛ እጃቸው ጽፈውት ነበርና። አሜሪካኖቹ ምክር ቤታቸው ማሻሻያ አላቀርብም ቢል ግዛቶች ጉባኤ የሚያስጠሩበት ሁለተኛ በር ትተዋል፤ እርሳቸው ይህን በየዓመቱ እያስተማሩ ለእኛ ግን ዘነጉት።

ማሻሻያ አረቀቁ። ማሻሻያውም አጀንዳ ነውና የሽማግሌዎችን ፈቃድ ጠየቀ። ሰባት ጊዜ አስገቡ፣ ሰባት ጊዜ ተመለሰ። በ2021 ሁከት ፈጣሪ ተብለው ከአባልነት ተሰረዙ። ይህን ያደረጉት ዛሬ ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል፤ አልረሳሁላቸውም፣ አልረሳላቸውምም።

ባለፈው ዓመት የጣፊያ ካንሰር አገኛቸው። ሽማግሌዎቹ ዘይት ይዘው ሊጸልዩላቸው ሲመጡ ወንድሜ፣ “ጸሎቱ ይቆየኝ፤ የማሻሻያ ደብዳቤዬን ለጉባኤው አንብቡልኝ” አሏቸው። አላነበቡላቸውም። እ.ኤ.አ. መጋቢት 9 ቀን 2025 ወደ ጌታቸው ሄዱ።

በጉባኤያችን ልማድ የሕይወት ታሪክ አስቀድሞ ለሽማግሌዎች ይታያል። አሳየኋቸው፤ ከጋብቻቸው በኋላ ያለው በሙሉ በቀይ ተሰርዞ ተመለሰልኝ። አምስተርዳም ኢንዲሸ ቡርት ሰፈር ካለ ማተሚያ ቤት ሄጄ አንድ ቃል ሳልቀንስ በአራት መቶ ቅጂ አሳተምሁት።

ከባለቤታቸው፣ ከሁለት ልጆቻቸውና ከእኔ ሌላ አራት መቶ የጉባኤ አባላት ከኋላቸው ቀርተዋል። ሽማግሌዎች ያላጸደቁት አጀንዳቸው በያዛችሁት ወረቀት ጀርባ ታትሟል፤ አሥር አባላት ከፈረሙ ማንኛውም ጉዳይ በቀጥታ ለጉባኤ ይቅረብ ይላል። የፊርማው ቦታ ከሥሩ አለ። አስከሬኑ ከዚህ የሚነሳው ፈርማችሁ ስትጨርሱ ነው።

ወንድሜን እግዚአብሔር ደጅ ሳያስጠና ይስማቸው። ደጅ ያስጠኗቸውም ቆመው ይጠብቁ፤ ሰባት ጊዜ ይመልሳቸው። አሜን።