የመርዶ ነጋሪው ሕመም

ጥቅምት 9
ዝናቡ ጠዋት አባራ። በረንዳውን አጠብኩ። በዛብህን ሳሙና እንዲገዛ ላክሁት፤ ብስኩት እየበላ ተመለሰ። ረስቶ ነው? አልረሳም። «ሳሙና ምን ያደርጋል፣ አይበላ!» አለኝ። ሳቅን። አፉን ሞልቶ ሲያወራ ግን አላስቻለኝም። «አፍህን ዝጋና አላምጥ» አልኩት። ለባሌ እንዲህ ስል ይህ መጀመሪያዬ ነው። ከእኔ ይበልጥ ሥርዓት የሚያውቀው እሱ ነበር...

ጥቅምት 17
ባለሱቁ ዐብዱልጀባር በር ላይ ቆሞ ጥቂት አመነታ።
«እትዬ ሎሚ፣ በክፉ እንዳያዩብኝ... ጋሼ ብስኩት ከመደርደሪያ እያነሱ ይሄዳሉ። ዝም ብዬ ነበር። ዛሬ ግን ከሕፃን እጅ ከረሜላ ነጠቁ።»
ፊቴ ነደደ። ልክፈል ብል እጁን አጣጥፎ ወደ ኋላ አለ። «ወላሂ አልቀበልም! አባቴ የሞተ ለት በምን አንደበት እንዳረዱኝ እኔ ነኝ የማውቀው።»
እውነቱን ነው። መርዶ ሲኖር የሰፈራችን እድር የሚልከው በዛብህን ነበር። ጎህ ሲቀድ፣ ዘመድና ጎረቤት ሰብስቦ፣ ከሟቹ ደጉን እያነሳ፣ ቀስ እያለ... ሰውየው ሲወድቅ የሚደገፍበት ትከሻ አጠገቡ ይኖራል።
ማታ ተቆጣሁት። ጠባይ የሚበላሸው ቸል ሲሉት ነው ተብዬ ነው አዳሪ ትምህርት ቤት ያደግኩት። ቸል አላልኩም። ታዲያ?

ኅዳር 3
የአቶ ተረፈ ለቅሶ። የበዛብህ የልብ ጓደኛ ነበር።
ድንኳን እንደገባን ንፍሮ ጠየቀ። በላ። ደግሞ ጠየቀ። ሚስቲቱ ደረቷን እየመታች ስትጮህ ጣቱን ቀስሮ ሳቀ። «ባጃጅ ዳገት ስትወጣ ትመስላለች!»
ሰዉ ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። አንዱ ከኋላ «ሸበተ እንጂ አልበሰለም፣ ባለጌ!» አለ። በኮቱ እጅጌ ጎትቼ አወጣሁት። መንገዱን ሙሉ «ንፍሮው ነበረ እኮ ገና» ይለኛል።

ኅዳር 5
የእድሩ ዳኛ አስረስ መጣ። አልቀመጥም አለ።
«እትዬ፣ እኛም ጨንቆን ነው። ሰዉ ስሙ ከእድር ይሰረዝ እያለ ነው። ለጊዜው ድንኳን ባይመጣ...»
ቢሰረዝ፣ ሲሞት ማን ድንኳን ይተክልለታል? ማን ይሸከመዋል? የስንቱን ሬሳ የተሸከመ ሰው!
በዛብህ የአስረስን ጫማ ሲያይ ቆይቶ «ጭቃ አስገባህብን» አለው። አስገብቶ ነበር፣ መዋሸት አልችልም።

ኅዳር 20
ዶክተር ትሁት ጋ ወሰድኩት። ልጅ እግር ናት፣ ግን ጥንቁቅ። የሰዎች ፊት ያለበት ፎቶ እያሳየችው «ይህ ሰው ምን ተሰምቶታል?» ትለዋለች።
የሚስቀውን «ደስ ብሎታል» አለ። የምታለቅሰውን ሴት ትኩር ብሎ አያትና «ጉንፋን ይዟታል» አለ።
ዶክተሯ ጻፈች። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ጅማ ሄዶ ጭንቅላቱን በመሣሪያ እንዲነሳ አዘዘች።

ታኅሣሥ 11
ዶክተሯ የጅማውን ውጤት አየች።
«የአንጎሉ የፊተኛው ክፍል እየኮሰመነ ነው፣ እትዬ።»
«የሰው ስም አይስትም፣ ቀን አይስትም...»
«ትውስታው ለጊዜው ደህና ነው። የሚጠፋው ሌላ ነው። ይሉኝታ። ራስን መግታት። የሌላው ሐዘን የሚሰማንበት ነገር።»
ይሉኝታም አንጎል ውስጥ ቦታ አለው? አለው አለች፣ የቅርብ ጊዜ ጥናቶች እየለዩት ነው። ብዙ ቤተሰብ ጠባይ መስሎት ለዓመታት ሲጣላ ኖሮ ነው ሐኪም ጋ የሚደርሰው። መድኃኒቱን ጠየቅኩ። እጄን ያዘችኝ።
አንዱን ጥናት አትማ ሰጠችኝ። መዝገበ ቃላት ይዤ አነበብኩት። አንድም ቦታ «ባለጌ» የሚል የለበትም። በሽተኛ ነው የሚለው።

ታኅሣሥ 14
ዶክተሯ ለእድሩ ይንገሩ ብላኛለች። ምን ብዬ? አንጎሉ ታሟል ስል አበደ ብለው ነው የሚሰሙት። ነገ ልጆች በመንገድ ይከተሉታል። ባለጌ ይባል ወይስ እብድ? የትኛው ይሻላል?
ጽጌሬዳ ከቴፒ ደወለች። አዳሪ ትምህርት ቤት አልጋችን ጎን ለጎን ነበር። ለእሷ ብቻ ነገርኳት።
«ሎሚ፣ አንቺ እኮ ሰው ፊት ማስነጠስ የምታፍሪ ነበርሽ» አለችኝ። ሳቅን። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ልብዋ ነው። ከመዝጋቷ በፊት «ንገሪያቸው» አለች።
አልችልም።

ጥር 16
ከገበያ ስገባ በዛብህ ሶፋው ላይ ተጋድሟል።
«ስልክሽ ጮኾ ነበር።»
«ማን ነው?»
«የጽጌሬዳ ልጅ። እናቱ ሞታለች። ሙዝ ገዛሽ?»
ዘንቢሉን እንደያዝኩ ቆምኩ።
«ቀስ አድርገው ይንገሯት፣ እርስዎ ያውቁበታል ብሎኛል» አለ። አንዲት ቃል አላጎደለም።
ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ጮኼ አለቀስኩ... ተነስቶ አጠገቤ መጣ። ሊይዘኝ ነው ብዬ አሰብኩ። እውነት አሰብኩ። ጎንበስ ብሎ ፊቴን አየና «ጉንፋን ይዞሻል» አለ። ከዘንቢሉ ሙዝ ወሰደ።

ጥር 17
ጎረቤት ሊያጽናናኝ መጣ፣ ቤቱ ሞላ። አስረስ «ማን አረዳሽ፣ እትዬ?» አለ።
እንዴት እንደሆነ ነገርኩት። ሙዙንም ሳላስቀር። ከዚያ ተነስቼ ቆምኩ።
«በዛብህ ታሟል። ባለጌም አይደለም፣ እብድም አይደለም። ሐዘን የሚሰማበት ቦታ ነው የታመመው። ስሙን ብትሰርዙ የታመመ ሰው ነው የምትሰርዙት።»
ከጥግ አንዷ «ያው እብደት ነው እንግዲህ» ስትል ሰማሁ። ትበል።
ዐብዱልጀባር ዓይኑን ጠረገ። «ጋሼ ከእኔ ሱቅ ብስኩት ይብሉ። ማንም እንዳይናገራቸው!»
አስረስ ወደ እኔ ዞረ። «ስሙ አይነካም። ድንኳን ግን...»
«አይመጣም» አልኩት። «በእሱም ፈንታ ለቅሶ እኔ እደርሳለሁ።»

ጥር 20
ቴፒ ደርሼ ተመለስኩ። በመንገዱ ዳር ቡናው አብቧል፣ ነጭ በነጭ። በዛብህን ዐብዱልጀባር ሱቁ ውስጥ ሲጠብቅልኝ ዋለ።
የጽጌሬዳ ልጅ አንገቴ ላይ ተጠምጥሞ «ጋሼ ደህና አድርገው አረዱሽ?» አለኝ። «ደህና አድርጎ» አልኩ። ዋሸሁ።
ድንኳን ውስጥ ንፍሮ ሰጡኝ። ከሐዘን ቤት ምግብ ቋጥሮ መውጣት ነውር ነው ብዬ ስንቱን ተቆጥቻለሁ። ግራ ቀኝ አየሁ። ሁሉም አዩኝ። ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጠርኩት።
ስመለስ በዛብህን ሱቁ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ዓይኔ አብጧል፤ እሱ እጄን ነው ያየው።
«ንፍሮ አመጣሽ?»
«አመጣሁ።»
ቋጠሮውን ፈትቼ መዳፉ ላይ አፈሰስኩለት። አጠገቡ ተቀመጥኩ።
«ጨው አንሶታል» አለ፣ አፉን ሞልቶ።
«አዎ፣ ትንሽ አንሶታል» አልኩት።