አባዬ ዛሬ አልከፍት አለ

ሰኞ፣ ጥቅምት 3፣ ጠዋት

ቴፑ ዛሬም ካሴቱን በላብኝ። ክሩን በእስክሪቢቶ ጠቅልዬ መለስኩት። የቴፑን ማንበቢያ ጭንቅላት በጥጥና በአልኮል ጠረግኩ። ኧረ ያ ሽታ! አፍንጫዬ ከገባ አለቀልኝ፤ ተመልሼ ልጅ ነኝ፣ ጦር ኃይሎች፣ ከፌርማታው ጀርባ፣ የአባዬ ካሴት ቤት ውስጥ ነኝ። ከነዩኒፎርሜ ባንኮኒው ላይ ተቀምጬ እግሬን አወዛውዛለሁ።

ይብቃኝ፣ ሥራ አለብኝ። አባዬ ራሱ የቀዳቸው የክራር ተጫዋቹ የጋሽ ተክሌ የሠርግ ዘፈኖች ከሳጥን ወጥተው ዌብሳይቴ ላይ እየገቡ ነው። የከፈለ ያወርዳል። ችግሩ፣ ክራሩ ገና ሲጀምር አባዬ ላዩ ላይ ስሙንና ሱቁን ይጮኻል። ሁሉም ካሴት ላይ! ሌላ ካሴት ቤት ገልብጦ የራሴ ነው እንዳይል ነበር ዘዴው። ልጅ ሆኜም ያናድደኝ ነበር። ሁሉንም ቆረጥኩት። ሰው ከፍሎ ዘፈን እንጂ የነጋዴ ጩኸት አይገዛም።

አንዱን ብቻ ሳልቆርጥ ጭኜ ሊንኩን ለእማዬ ላኩላት። ድምፁን ትስማው ብዬ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6፣ ከሰዓት

ወደ ዓለም ባንክ ሰፈር የሚሄድ ታክሲ ውስጥ ነኝ። ሹፌሩ ጋ/ተክሌን ከፈተ። ደንበኛዬ ነው! ወዲያው ሳል ተሰማ፣ ከዚያ አባዬ፦ «ከበደ ነኝ፣ ጦር ኃይሎች ከፌርማታው ጀርባ! የገዛችሁ እሰየው፣ የተዋሳችሁ መልሱ!»

ተሳፋሪው ሳቀ። አባዬን ከሞተ ወዲህ ከቤት ውጭ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው። ላልቅስ ልሳቅ? ቆይ ግን... እኔ የምሸጠው ላይ ይሄ ጩኸት የለም። ሹፌሩን ጠየቅኩት። ቴሌግራም ላይ ነው ያገኘው፤ በነፃ፣ ከሌሎቹ ዘፈኖች ጋር።

ቤት ገብቼ ሞከርኩት። የእማዬን ሊንክ በሌላ ስልክ ነካሁ፤ ያለ ክፍያ ተከፈተ፣ ላውርደው ስል ወረደም። ሊንኩ መጨረሻ ላይ ያለውን ቁጥር ቀየርኩ፤ ሌላ ካሴት ወረደ። ደግሜ ቀየርኩ፤ ሌላ። ጉድ ፈላ! ገጹ ክፍያ ይጠይቃል፤ ፋይሎቹ ግን አድራሻውን ላወቀ ሁሉ ክፍት በሆነ ፎልደር ውስጥ ተዘርግተዋል። በር ላይ ዘበኛ አቁሜ አጥሩን ረስቼዋለሁ። ወይ አለማወቅ!

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

አስኮ ሄድኩ፣ ጋ/ተክሌ ቤት። ከሌላ ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት ብዬ። ድሮ ካሴታቸው በየሱቁ ተገልብጦ ሲቸበቸብ እሳቸው ወደ ሠርግ ቤት የሚሄዱት በእግራቸው ነበር። ስለዚህ ዘፈኔን ለማንም አልሰጥም ብለው ኖረዋል። ለእኔ የሰጡኝ የከበደ ልጅ ስለሆንኩና እጠብቃለሁ ብዬ ቃል ስለገባሁ ነው።

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ክራር አዩ። መጠበቅ ካልሆነልሽ አጥፊው ልጄ፣ ሳጥን ውስጥ ይሻለዋል አሉ። አንድ ሳምንት ይስጡኝ ብዬ ለመንኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። እሺ ይሁን እንቢ፣ እንጃ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

ሌባው ተገኘ። እማዬ!

ሊንኩን የዕድሩ ሴቶች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቃዋለች። ከሴቶቹ ወደ ልጆቻቸው፣ ከልጆቻቸው ወደ ሰፈሩ። አንዱ ጮሌ ደግሞ የሊንኩን ቁጥር ቀያይሮ የቀሩትን አወጣ። ስጠይቃት ጭራሽ ኮራችብኝ። ገበያ ላምጣልሽ ብላ ነው፤ ልትመሰገን ነበር የሚገባት። ደግሞስ የገዛ ባሏን ድምፅ ለማሰማት ማንን ታስፈቅድ? ይኸው ምሳ ላይ አኩርፋኛለች።

ምን ልበላት? ሰፈሩ ድሮም እንዲህ ነው። ካሴት የሚገዛው አንድ ቤት፣ የሚሰማው ግቢው ሁሉ። አባዬ፣ ሰው ላዩ ላይ ሌላ ነገር እንዳይቀዳበት፣ የካሴቱን ጀርባ ጥርሶች በቢላ ጫፍ ይሰብራል። ጎረቤት ቀዳዳውን በፕላስተር ደፍኖ የልጁን ልደት ይቀዳበታል። ያ ካሴት ተመልሶ ሲመጣ አባዬ ሱቅ ዘግቶ ያዳምጠዋል፤ የሕፃናት ጫጫታ፣ የሚሰበር ብርጭቆ፣ ቁጣ። እንባው እስኪመጣ ይስቃል። አይ አባዬ! ናፈቅከኝ እኮ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ተዘጋ! እልልል!

ፋይሎቹን ከዚያ ፎልደር አውጥቼ ከውጭ ምንም አድራሻ ወደማይደርስበት ቦታ አዛወርኳቸው። አሁን ገጹ መጀመሪያ ክፍያውን ያያል፤ ከዚያ ለከፈለው ሰው ብቻ የሚሠራ ሊንክ ይሰጣል። በማግሥቱ ሊንኩ ይሞታል። ለጓደኛ ቢላክ አይከፍትም። የድሮዎቹን አንድ በአንድ ነካኋቸው፤ ሁሉም «አይፈቀድም»።

ለጋ/ተክሌ ደወልኩ። እውነቱንም ነገርኳቸው፤ ከዚህ በፊት የወረደው ወርዷል፣ የታክሲው ሹፌር ስልክ ውስጥ ገብቼ አላወጣውም። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም አሉ፤ የቀረውን ከጠበቅሽ ተባረኪ። እፎይ!

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13፣ ጠዋት

እማዬ ክፍሌ ገባች፣ ነጠላዋን እንዳጣፋች። ከቤተ ክርስቲያን መምጣቷ ነው። ኩርፊያውን ረስታዋለች። ስልኳን ዘረጋችልኝ።

«አባትሽ ዛሬ አልከፍት አለኝ።»

ለካ ጠዋት ጠዋት ሊንኩን ትነካዋለች። ለዘፈኑ አይደለም። አባዬ ስሎ፣ ጮኾ እስኪጨርስ ብቻ፤ ከዚያ ታጠፋዋለች። ዳውንሎድ ማድረግ አታውቅም። ለእሷ ሊንኩ ራሱ እሱ ነው። እኔ ቆልፌ እልል ስል የቆለፍኩት ባሏን ነው። ማልቀስ ጀመርኩ። እሷ ደግሞ የራሷን ትታ እኔን ታባብላለች፤ ካስቸገረ ይቅር፣ በዚህ ይለቀሳል እንዴ፣ ምን ነካሽ አንቺ ልጅ?

ያው ቀን፣ ከሰዓት

ለጋ/ተክሌ ደግሜ ደወልኩላቸው። አባዬን ልመልሰው ነው አልኩ፣ ጩኸቱን፣ ዘፈኖቹ ሁሉ ላይ። ሳቃቸው ስልኩን አንቀጠቀጠው። የክራሬ መግቢያ የት ገባ ብዬ እንዳልጠይቅሽ አፍሬ ነበር አሉ። ለካ የአባዬን ጩኸት ስቆርጥ የእሳቸውንም ጣቶች ቆርጫለሁ። ደግሞም ያለ ከበደ ጩኸት ዘፈኑ የሰው ዘፈን ይመስላቸዋል።

ወስኛለሁ ማስታወሻዬ። ለእማዬ፣ ከእሷ ስልክ ብቻ የሚከፍት፣ የማይሞት ሊንክ። ሠርቼ ሰጥቻታለሁ። ለገዢው ደግሞ ሁሉንም ከዋናው ካሴት እንደ አዲስ እሠራለሁ፣ አባዬን ሳልነካ። በሩን ቁልፉ ይጠብቅ። ሾልኮ ለወጣው ዘፈን አባዬ አለለት፤ ታክሲም ውስጥ ይሁን የትም፣ የማን እንደሆነ ይጩኽበት።

የቴፑን ጭንቅላት ጠረግኩ። የመጀመሪያውን ካሴት አስገባሁ። እማዬ በሩን ተደግፋ ቆማለች። ክራሩ ጀመረ። ሳል። ከአባዬ ድምፅ እኩል በሹክሹክታ ትላለች፤ ከበደ ነኝ፣ ጦር ኃይሎች፣ የገዛችሁ እሰየው፣ የተዋሳችሁ...

«መልሱ» የሚለውን ለእሱ ተወችለት።