ሐረግ ወደ ቆላ ያወረዱት የወ/ሮ አባይነሽ ጦና የሕይወት ታሪክ

ወ/ሮ አባይነሽ ጦና ከአባታቸው ከአቶ ጦና ቦልቴና ከእናታቸው ከወ/ሮ አመነች ባዳቾ በ1955 ዓ.ም. በወላይታ፣ በቦዲቲ አቅራቢያ ተወለዱ። የበኩር ልጅ ስለነበሩ ታናናሾቻቸውን ማዘዝ የጀመሩት በልጅነታቸው ነው፤ እስከ መጨረሻውም አልተዉትም።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በቦዲቲ፣ የሁለተኛ ደረጃውን በሶዶ ከተከታተሉ በኋላ በግብርና ሠልጥነው በ1977 ዓ.ም. የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ሆኑ። በ1980 ዓ.ም. ከመምህር ያሬድ ጋር ጋብቻ ፈጽመው ምሕረትን፣ ዮሴፍንና ብሩክታይትን አፍርተዋል።

በዚያን ጊዜ የተሻሻለ ዘርም ሆነ ማዳበሪያ ቀድሞ የሚደርሰው አስፋልት ዳር ላሉ ቀበሌዎች ነበር። እንግዳ ከመኪና ወርዶ የሚያየው ማሳ ስለሚፈለግ ሠርቶ ማሳያውም ችግኝ ጣቢያውም እዚያው ይደረጋል፤ ወደ ቢላቴ ወንዝ ዝቅ ብለው ያሉት የቆላ ቀበሌዎች የተረፈውን ይጠብቃሉ። ወ/ሮ አባይነሽ «ላለው ይጨመርለታል» የሚለው ቃል ለዘር ማከፋፈያ አልተጻፈም ይሉ ነበር።

በ1996 ዓ.ም. ድርቅ የቆላውን የስኳር ድንች ሐረግ ጨረሰው። ለመትከያ የሚሆን ሐረግ ከደጋ ተቆርጦ በወ/ሮ አባይነሽ ኃላፊነት ለአንዲት የቆላ ቀበሌ እንዲደርስ ታዘዘ። ርክክቡ በክብር እንግዶች ፊት ይሁን በመባሉ ግን የጭነት መኪናው አስፋልት ዳር ፀሐይ ላይ ቆሞ ዋለ። እንግዶቹ ዘገዩ፤ ንግግሩም ረዘመ። ሐረጉ ቆላ ሲደርስ ጠውልጎ ስለነበር ቢተከልም አልያዘም። የቀበሌዋ ሽማግሌ አቶ ወልደመስቀል፣ «ልጄ፣ ንግግሩን እዚያ ጨረሳችሁ፤ ለኛ ገለባ አመጣችሁ» አሏቸው። በዚያ ዓመት ከቀበሌዋ ብዙ ሰው ለቀን ሥራ ተሰደደ። ወ/ሮ አባይነሽ «አይሆንም፣ መኪናው ይሂድ» ሳይሉ በመቅረታቸው ዕድሜ ልካቸውን ተጸጽተዋል።

በማግሥቱ ዓመት የመትከያ ሐረግ የሚበዛበት ማሳ፣ ማባዣው፣ ወደዚያች ቀበሌ ይውረድ ብለው ጠየቁ። በክረምት መኪና አይገባም፣ እንግዳ አያየውም የሚል መልስ ተሰጣቸው። እርሳቸው ደግሞ ከያዙ አይለቁም። በመጨረሻ የተፈቀደላቸው በሶዶ የታሰበላቸውን የኃላፊነት ቦታ ትተው እዚያው ተመድበው የሚሠሩ ከሆነ ብቻ ነበር፤ እሺ አሉ። መምህር ያሬድ መጀመሪያ አኩርፈው ነበር፤ በኋላ ግን በትምህርት ቤት ዕረፍት አብረው እየወረዱ ቦይ ይቆፍሩ ጀመር። ማባዣው የቢላቴን ውኃ እየጠጣ በበጋም ለመለመ፤ ቀበሌዋም ከዚያ ወዲህ ሐረግ ከደጋ ጠብቃ አታውቅም። ማዳበሪያው ግን ዛሬም የሚደርሳት ከሁሉም በኋላ ነው። ወ/ሮ አባይነሽ በ2015 ዓ.ም. ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ከዚያ አልተነሡም።

ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በሶዶ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ62 ዓመታቸው ወደ ጌታ ተሰብስበዋል። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውንና እስከ ዛሬ የሚታዘዟቸውን ታናናሾቻቸውን ትተዋል።

ቀብሩ በ6 ሰዓት ሊፈጸም ታስቦ ነበር። የቢላቴ ዳር ሰዎች እስከ መኪና መንገዱ በእግር ስለሚመጡ ቤተሰቡ ወደ 9 ሰዓት አዛውሮታል። ከአረካ፣ ከሶዶና ከአዲስ አበባ በመኪና የመጣችሁ የክብር እንግዶች፣ እነርሱ እስኪደርሱ ስለ ጠበቃችሁ ቤተሰቡ ያመሰግናል።

ጌታ ነፍሳቸውን በእቅፉ ያሳርፍ፤ ለሁላችንም መጽናናትን ይስጠን።