ጥሩምባዬን ከሳቁ ለዩልኝ

ለተከበሩ የ«አጥር የለሽ» ተከታታይ ኮሜዲ ዋና አዘጋጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤ ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤንነት፣ የቤተሰብዎን ደህንነት፣ እንዲሁም ከየንግግሩ በኋላ የተቀዳ ሳቅ የሚያስገባውን ባለሙያዎን የጣት ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኛ አዳማዎች ከሙቀቱና ከአቧራው በቀር ደህና ነን። ሳቅ እንደሆነ በእናንተ ትጋት ከበቂ በላይ አለን፤ የዛሬው ደብዳቤዬም የተረፈንን ስለ መመለስ ነው።

ስሜ አብተው ማስረሻ ይባላል፤ ከፍራንኮ ዝቅ ብሎ ባለው ሠፈራችን የእድር ጥሩምባ ነፊ ነኝ። ሰው ሲያርፍ በየመንገዱ እየዞርኩ እነፋለሁ፣ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት እናገራለሁ፣ ሠፈርተኛውም ሥራውን ጥሎ ይወጣል። ሃያ ሦስት ዓመት የሠራሁት ይህንኑ ነው። እርስዎ ግን የሚያውቁኝ በሌላ በኩል ሳይሆን አይቀርም፤ ጋሽ ፈንታ የተባለው ገጸ ባሕርይዎ የማይፈጽመውን ነገር «ነገ በጠዋት!» ብሎ ቃል በገባ ቁጥር ከኋላው የምትጮኸው፣ ወዲያውም ሳቅ የሚወርድባት ያቺ ጥሩምባ የእኔ ናት።

ወደ ቅሬታዬ ከመግባቴ በፊት ሙያዎን ሳላደንቅ ባልፍ ነውር ይሆንብኛል። የመግቢያ ዜማችሁ እጅግ ያማረ በመሆኑ ዓርብ ማታ በሠፈራችን ሰዓት የሚያይ ሰው ቀርቷል፤ ክራሩ ሲጀምር ነው ራት የሚቀርበው። አንዱን ቀልድ ሠላሳ ሁለት ክፍል ሙሉ ሳይሰለቹ መድገም መቻልዎም የሚደነቅ ጽናት ነው፤ እኔ በበኩሌ አንድን ሞት ከሦስት ጊዜ በላይ ነፍቼ አላውቅም።

አንደኛው ቅሬታዬ ቀላል ነው፣ ለማሟሟቂያ ይሁነኝ። በድራማዎ ውስጥ ከሁሩታ የመጣ ሰው በር ባንኳኳ ቁጥር የፈረስ ኮቴ ይሰማል፤ ከሐይቅ ዳሯ ከባቱ የመጣ ዘመድ በገባ ቁጥር ደግሞ ውሃ ይንቦጫረቃል። የባለቤቴ ወንድም ይትባረክ የባቱ ሰው ነው፤ ቲማቲም ይጭናል እንጂ ዓሣ አያጠምድም፣ ዋና ቀርቶ ካፊያ የሚፈራ ሰው ነው። ለፋሲካ ቤታችን ሲገባ ልጆቼ በአፋቸው ውሃ አንቦጫረቁበት። እሱም ምን እንዳጠፋ ሳይገባው ጫማውን ገልብጦ አየ። ለዚህ ትምህርታችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛው፣ ጥሩምባዬ እንዴት እጅዎ እንደገባች ነው። አምና በጥቅምት ባለሙያዎችዎ ለቀረጻ ወደ ሶደሬ ሲያልፉ ማርቲ የምትባል ድምፅ ቀራጭ፣ እጅግ ጨዋ ልጅ፣ እድሩ ቤት ድረስ መጥታ «የባህል ድምፅ እየሰበሰብን ነውና አንዴ ይንፉልን» አለችኝ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉታል ይህ ነው፤ ሰው ሳይሞት ሦስት ዙር ነፋሁላት። ሦስተኛውን እንደጨረስኩ የእድራችን ዕቃ ቤት ኃላፊ ወይዘሮ ተሻለች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ አንድ እግራቸውን በጫማ አንዱን በባዶው አድርገው ከሁሉ ቀድመው ደረሱ። ከኋላቸው ሰው እየተከታተለ መጣ። ቆጥሬዋለሁ፣ አርባ ሰው ነበር።

ማንም እንዳልሞተ ስነግራቸው አብዛኛው ስቆ ተመለሰ። ወይዘሮ ተሻለች ግን አልሳቁም፤ «አብተው፣ ሰው ሳይሞት የተነፋች ጥሩምባ፣ ሰው ሲሞት ታፍራለች» ብለውኝ ሄዱ። እኔ ያን ጊዜ ባለሙያዎችዎ የሰጡኝን «አጥር የለሽ» የሚል ጥልፍ ያለበት ቀይ ኮፍያ እያስተካከልኩ ስለነበር ነገሩን ከቁም ነገር አልጣፍኩትም።

ሦስተኛው ከፊሉ በራሴ ላይ የሚቀርብ ቅሬታ ነው። የመጀመሪያው ክፍል የተላለፈ ዕለት ጎረቤት ጠርቼ፣ ኮፍያዬን ደፍቼ፣ ከፊት ተቀምጬ አየሁ። ጋሽ ፈንታ «ነገ በጠዋት!» ሲልና ጥሩምባዬ ስትጮህ ከሁሉ በፊት የሳቅሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ ሳቁን በሠፈራችን የጀመርኩት እኔ እንደሆንኩ አልክድም፤ እርስዎ ያደረጉት እንዳይቆም መርዳት ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ የሠፈሩ ልጆች የፕላስቲክ ቱቦ ቆርጠው ሲነፉ ይውላሉ፣ እኔ መንገድ ላይ ባለፍኩ ቁጥርም ከየሱቁ «ነገ በጠዋት!» እየተባለ ሰላምታ ይሰጠኛል። ዕውቅና ማለት ይህ ከሆነ ጠግቤያለሁ።

አራተኛ ብዬ ቁጥር ልሰጠው ያልቻልኩት የዛሬ አራት ሳምንቱ ቅዳሜ ነው።

የዓርቡ ክፍል በድጋሚ የሚተላለፈው ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መሆኑን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። በዚያ ጠዋት ወይዘሮ ተሻለች ማረፋቸው ተነገረኝና ሰዓቱን ሳላይ ጥሩምባዬን ይዤ ወጣሁ። በመጀመሪያው መታጠፊያ ነፋሁ፤ ከአራት ቤት ሳቅ መለሰልኝ፣ ከፊሉ የእናንተ ፋብሪካ ውጤት፣ ከፊሉ የአገር ውስጥ። ስማቸውን ልጠራ አፌን ስከፍት አንዱ ከአጥር ውስጥ «ነገ በጠዋት!» አለኝ። በሁለተኛው መታጠፊያ ልጆች በቱቧቸው አጀቡኝ። በሦስተኛው ላይ ድምፄ እስኪዘጋ «ወይዘሮ ተሻለች አርፈዋል፣ ቀብራቸው አምስት ሰዓት ነው» ብዬ ጮህኩ። አንዲት ሴት በመስኮት ብቅ ብላ፣ ድራማውን በደንብ አድርጌ እንደማስመስለው መሰከረችልኝ።

ቀብሩ ላይ ቄሱንና ቆፋሪውን ጨምሮ አሥራ አንድ ሰው ተገኘን። ወይዘሮ ተሻለች በማንኛውም ለቅሶ ድንኳን ሳይተከል ደርሰው ድንኳን ሲነቀል የሚሄዱ፣ የሠፈሩን ሁሉ ሙት የሸኙ ሴት ነበሩ። ተሸካሚ ስለጎደለ ጥሩምባዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ የሬሳ ሣጥኑን አንድ ጫፍ እኔ ያዝኩ። አብዱናሲር ባጃጁን ይዞ በዚያ ሲያልፍ አይቶን፣ ተሳፋሪውን አውርዶ ሌላውን ጫፍ ባይዝልን ኖሮ እንዴት እንደምንደርስ አላውቅም።

እዚህ ላይ ላልፈው የማልችለው አንድ ባለውለታ አለ። ቶይባ የምትባለው ጎረቤታችን ከቀባሪዎቹ አንዷ ነበረች፤ እንዴት እንደሰማች ስጠይቃት ቴሌቪዥኗ ከተበላሸ ወር እንደሞላው ነገረችኝ። ጠጋኙ ወዬሳ በሄደች ቁጥር «ቦሩ ገነማ» ይላታል አሉ፤ ነገ በጠዋት ማለቱ ነው። የወዬሳ ውሸት ለወይዘሮ ተሻለች አንድ ቀባሪ አስገኝቷል፤ የጋሽ ፈንታ ውሸት ስንት እንዳስቀረ ሒሳቡን ለእርስዎ ትቼዋለሁ።

ከሰዓት በኋላ ወሬው ሲዳረስ ሠፈሩ ተንጋግቶ መጣ፣ ድንኳኑም ሞላ። ሁሉም አንገቱን ደፍቶ «ድጋሚው መስሎን ነው» ይላል። እኔ ግን የማልረሳው የልጃቸውን የሜቲን ቃል ነው። ከሟች ጋር ብቻዋን ትኖር የነበረች ልጅ ናት፤ አጠገቤ መጥታ በቀስታ «ጋሽ አብተው፣ እርስዎ በራችን ላይ ሲነፉ እኮ ከጎረቤት ተሳቀ» አለችኝ። በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ በሥራዬ አፍሬ የማውቀው ያን ቀን ብቻ ነው።

አሁን የእድሩ ኮሚቴ ጥሩምባው ይቅርና ሞት በቴሌግራም ግሩፕ ይነገር የሚል ሐሳብ አቅርቧል፤ የመጪው ወር ስብሰባ ይወስናል። ስልክ የሌላቸው አረጋውያን እንዴት ይስሙ ብዬ ጠየቅሁ። ልጆቻቸው ይነግሯቸዋል ተባልኩ። መቼ ስል አንዱ «ነገ በጠዋት» አለ፣ ስብሰባው ሳቀ፣ ከኮሚቴው ጸሐፊ ጋር እኔም ሳላስበው ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ ለሦስት ቀን ራሴን ተቀይሜዋለሁ። እንግዲህ ጥሩምባዬ ከግድግዳ ላይ ተሰቅላ ትቀራለች ወይስ ትወርዳለች የሚለው በእርስዎ እጅ ያለ ያህል ነው።

ድራማዎ ይቁም አልልም፤ ዓርብ ማታ ራታችን እንዳይቀር። ለጋሽ ፈንታ ውሸት ግን ሌላ ድምፅ ይፈለግለት። የባጃጅ ጥሩምባ ከወደዱ አብዱናሲር ያለ ክፍያ ቀኑን ሙሉ ሊነፋልዎ ፈቅዷል። አህያም አለች፤ ሲሳቅባት ብዙ ዘመን ስለኖረች ትችለዋለች። የእኔን ግን ከማንሳትዎ በፊት አንድ ነገር እለምናለሁ። የወይዘሮ ተሻለች አርባ ሊደርስ የቀረው ሁለት ሳምንት አይሞላም፤ ከዚያ በፊት ባለው ቅዳሜ፣ በዚያው በድጋሚው ሰዓት፣ ጥሩምባዋን አንድ ጊዜ ያለ ሳቅ ያስነፉልን። ሠፈሩ በሙሉ በዚያ ሰዓት ከቴሌቪዥኑ ፊት እንደሚሆን እኔ ዋስ ነኝ።

ለደረሰልን ደስታ ሁሉ ምስጋናችን ወሰን የለውም። ዕድሜዎ ይርዘም፣ ጣቢያዎ ይስፋ፣ ደጅዎ ለቀስተኛ አይጣ፤ የሚጠራውም ሲጠራ የሚታመን ይሁን።

ከማይቀንስ አክብሮት ጋር፣
አብተው ማስረሻ
የእድር ጥሩምባ ነፊ፣ ሳይወድ በግድ የ«አጥር የለሽ» የሙዚቃ ባልደረባ
አዳማ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ቀዩን ኮፍያ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬዋለሁ፤ ታጥቧል። ደግሞም ማርቲ በቀዳችው ድምፅ ውስጥ ሦስተኛው ዙር ሲያልቅ፣ ሳቁ ከመግባቱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ከሩቅ የአንዲት ሴት ድምፅ አለ። ጆሮዬ እንዳያታልለኝ ዓርብ ማታ ሜቲን ከቴሌቪዥኑ ፊት ጠርቼ አሰማኋት፣ እሷም አውቃዋለች። እየሮጡ የመጡት ወይዘሮ ተሻለች ናቸው፤ «ማን ነው? ማን ነው ያረፈው?» ይላሉ። ይኸው ሠላሳ ሁለት ክፍል ሙሉ ይጠይቃሉ፣ ሳቁ እየመጣ ይሸፍናቸዋል። በዚያ ቅዳሜ ሳቁን ሲያነሱልን ሠፈሩ ይሰማቸዋል፤ መልሱን በመናገር በኩል አይቸገሩ፣ ያን ቀን ሁላችንም እናውቀዋለን።